ከጎተራው ሥር የተወለዱት

ቁንዝላ፣ የጣና ምዕራብ ዳርቻ። ጠያቂዋ ድመቷ የወለደችባት ወጣት ናት። መላሹ በእንስሳት ጤና ሙያ አገልግለው ጡረታ የወጡ ጎረቤቷ ናቸው።

— ጋሼ፣ ድመቴ ጎተራው ሥር አራት ወልዳለች። ዐይናቸው ተገልጧል፤ ልንካቸው ወይስ ልተዋቸው?

— ዐይናቸው ከተገለጠማ ዐሥር ቀን ግድም ሆኗቸዋል። ምን ያስፈራሻል?

— ሰው የነካውን እናትዬዋ ትጥላለች ይሉኛል።

— የምታውቅሽ ከሆነ አትጥልም። ከተረበሸች ግን በአፏ አንጠልጥላ ሌላ ቦታ ትደብቃቸዋለች። መጀመሪያ እሷን አብያት፤ እሷ ስትበላ አንድ አንዱን አንስተሽ ጥቂት ደቂቃ እቅፍሽ ውስጥ አቆዪው። ከ2ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ያለው ጊዜ እንዳያመልጥሽ። ያኔ የሰው እጅ የለመደ ግልገል ሲያድግ ሰው አይሸሽም። ሁለት ወር ሙሉ ሰው ሳያይ ያደገው ግን ጆሮውን አጥፎ ፍፍ ማለቱን በቀላሉ አይተውም።

— «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ይባል የለ?

— ይባላል፤ አመሉ መቼ እንደሚያዝ ግን ተረቱ አልነገረንም። ደግሞ እጅ ስልሽ ያንቺን ብቻ አይደለም። ሕፃኑም ሽማግሌውም ይያዛቸው፣ ሬዲዮው ይጩህ፣ ቡና ይወቀጥ። ሕፃናቱን ግን አንገት አንቀው እንዳያነሡ ተቆጫቸው።

— የባሰብኝ ሽንቱ ነው። የበፊቶቹ ምድጃው አመድ ላይ ይሸኑ ነበር። አንዴማ ያሰጣሁትን ጤፍ አበላሹብኝ።

— አልባለጉም። ድመት ተፈጥሮዋ ቆፍሮ መቅበር ነው፤ በቤትሽ ውስጥ የሚቆፈር ለስላሳ ነገር አመዱና ጤፉ ብቻ ከሆነ የት ይሂዱ? እስከ 3 ሳምንት እናታቸው እየላሰች ታሸናቸዋለች፣ ታጸዳቸዋለችም። ከዚያ በኋላ ራሳቸው መጫር ሲጀምሩ አንቺ ቀድመሽ ተገኚ። ከሐይቁ ዳር አሸዋ አምጥተሽ ፀሐይ ላይ አድርቂና ንፊው። አሮጌ ሳፋ ጠርዙን ቆርጠሽ ዝቅ አድርጊ፤ የተቆረጠው እንዳይቧጭራቸው አለስልሺው። አሸዋውን ሦስት ጣት ያህል ሙይው።

— አመድ ብሞላበትስ? እሱን ለምደውታል።

— አመድ እርጥብ እግር ላይ ይለጠፋል፤ ሲልሱት አፋቸውን ያቃጥላል። ምድጃውንም ማታ ማታ ክደኚው፣ ጤፉንም እነሱ በማይደርሱበት አስጪ። ሳፋውን ከመኝታቸው ብዙ አታርቂ፤ ትንሽ ግልገል ሽንቱን ይዞ ግቢ አያቋርጥም። ከምግባቸው ግን ይራቅ፤ በሚበሉበት አይሸኑም። ለአራት አንድ ሳፋ አይበቃም፣ ሁለት አድርጊው። ከእንቅልፍ ሲነቁና በልተው ሲጨርሱ አንሥተሽ እዚያ አስቀምጫቸው። ጫር ጫር ካደረጉ ሥራሽ አለቀ።

— እናቴ አፍንጫቸውን ሽንቱ ላይ ታሽ ነበር።

— እሱ ቢያስተምር ኖሮ ጤፍሽ ባልተበላሸ! የሚማሩት አንቺን መፍራት ብቻ ነው። ይልቅ የሸኑበትን መሬት በሳሙና አጥቢ፤ ሽታው እዚያው ከቀረ ተመልሰው ይመጣሉ። ኩሱን በየቀኑ ጣይ። በድመት ኩስ የሚወጣ፣ ፅንስ የሚጎዳ ተውሳክ አለ፤ ከአንድ ቀን በላይ ሲያድር ነው ወደ ሰው የሚተላለፈው። እርጉዝ ሴት ሳፋውን አትንካ።

— ወተት ልስጣቸው?

— የላም ወተት ብዙዎቹን ያስቀምጣል፤ የሚያስቀምጠው ግልገል ደግሞ ሳፋው ጋ አይደርስም። 4 ሳምንት ሲሞላቸው የተቀቀለ ቀረሶ እሾኹን ለቅመሽ አድቅቂላቸው። ጥሬ ዓሣ ግን የዘወትር ምግብ አይሁን።

— ባሕር ዳር ያለች ጓደኛዬ የ«አቢሲኒያን» ድመት ፎቶ ላከችልኝ። በዶላር ይሸጣል አሉ፤ የእኔም ከዚያ ወገን ይሆኑ እንዴ?

— እሱ የረባው እንግሊዝ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ዘመቻ መልስ ተወሰደች የሚሏት ዙላ የምትባል ድመት ነበረች። ዙላ ዘመቻውን የመራው የናፒየር ጦር ከመርከብ የወረደበት የቀይ ባሕር ዳርቻ ስም ነው። ዘር የመረመሩት ሊቃውንት ግን የዝርያውን መነሻ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ይወስዱታል። ያንቺዎቹ የቁንዝላ ናቸው፤ በቆሎሽን ከአይጥ ካዳኑ ምን ጎደላቸው? ብቻ የአይጥ መርዝ እቤትሽ አታስገቢ፤ መርዝ የበላችውን አይጥ የበላች ድመትም ትሞታለች።

— አንዱን ለጀልባው ሰው ቃል ገብቻለሁ። ወደ ጎርጎራ ይወስደዋል።

— 8 ሳምንት ሳይሞላው እንዳትሰጪ፤ 12 ቢደርስ ይሻላል። ጥርስና ጥፍራቸውን መመጠን የሚማሩት እርስ በርስ ሲታገሉ ነው፤ አይጥ ማደኑንም ከእናታቸው ያያሉ። 3 ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እንዲያስከትበው ንገሪው፤ ድመትም ነክሳ ታስተላልፋለች። ሲወስደው ከሳፋው ያገለገለ አሸዋ አንድ እፍኝ በከረጢት ጨምሪለት፤ በአዲሱ ቤት ሽታውን ተከትሎ ቦታውን ያውቃል።

— የሸኑበትን አሸዋ? ምን ይለኛል?

— ይሳቅብሽ። ከስንቁ ጋር እንዳያስቀምጠው ብቻ አስጠንቅቂው።