አምስት ቀን፣ አምስት ልማድ፦ የአፀደ ሕፃናት ሳምንትና የልጆቻችን ጤና

በዛሬው ጽሑፋችን ከወትሮው ለየት ባለ መልኩ ስለ አንድ በሽታ ወይም ስለ አንድ መድኃኒት ሳይሆን ስለ አንድ ክፍል እንነጋገራለን። ይኸውም ገና ፊደል ያልለዩ ልጆቻችንን ጠዋት ጠዋት የምንልክበት አፀደ ሕፃናት ወይም ኦ ክፍል ነው። በሳምንት አምስት ቀን በዚያ ክፍል የሚሠሩት ሥራ የልጆቻችንን ጤና እንዴት ሊጠብቅ እንደሚችል ከማየታችን በፊት ግን ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝን የራሴን ጥፋት ላስቀድም።

ከረሜላ ነው ብዬ አታልያት ነበር

የመጀመሪያ ልጄ አምስት ዓመቷ ነበር። ወባ ይዟት በውሃ የሚሟሟውን የሕፃናት ኮአርተም ስሰጣት እንቢ ብትለኝ «ከረሜላ ነው፣ ቅመሽው» አልኳት። ይህ መድኃኒት ለልጆች እንዲስማማ ተደርጎ የጣፈጠ በመሆኑ ቀመሰችውና አመነችኝ። ከወራት በኋላ ሁለተኛ ልጄን ነፍሰ ጡር ሆኜ የምወስደውን ቀይ የአይረን ክኒን ከትራሴ ሥር አገኘችው። እኔ የመግሪብ ሶላት ሰግጄ ስነሳ ማሸጊያው ተቀዶ አራት ፍሬ ጎድሎ ነበር። ልጄም «እማዬ፣ ከረሜላሽን በላሁት» አለችኝ።

ለነፍሰ ጡር እናቶች የሚሰጠው ይህ ክኒን አንዱ ፍሬ 60 ሚሊ ግራም አይረን ይዟል። አራቱ ሲደመሩ 240 ሚሊ ግራም ይሆናል። የልጄ ክብደት 16 ኪሎ ስለነበር ለእያንዳንዱ ኪሎ 15 ሚሊ ግራም ደረሰ ማለት ነው። በኪሎ ከ20 ሚሊ ግራም በላይ ሲሆን መመረዝ ሊጀምር፣ ከ60 በላይ ሲሆን ደግሞ ሕይወት ሊያሳጣ እንደሚችል በሙያው የታወቀ ነው። ማሸጊያውን ይዤ በዚያው ሌሊት ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሁለት ጊዜ አስመለሳት፣ እስከ ጠዋት ሲጠብቋት አደሩ፣ አልሐምዱሊላህ ዳነች። ይህን ቁጥር የጻፍኩት አራት ፍሬ ችግር የለውም ለማለት አይደለም። አሥር ፍሬ የያዘውን ማሸጊያ ጨርሳው ቢሆን ኖሮ በኪሎ 37 ሚሊ ግራም ያልፍ ነበር።

መድኃኒት ቤት ቆሜ በየቀኑ «ከልጆች እጅ አርቁ» የምል ሰው ነኝ። ነገር ግን ልጄን መድኃኒት ከረሜላ መሆኑን ያስተማርኳት ራሴ ነኝ። አንድ ቀን ያስተማርኩት አንድ ቃል ይህን ያህል ከሠራ፣ መልካሙ ነገር በየሳምንቱ ቢደጋገም ምን ያህል ይሠራ ይሆን? ብዬ ራሴን ጠየቅሁ።

መምህርቷ ያሳየችኝ ዕቅድ

በሳምንቱ ወደ ልጄ መምህርት ሄጄ ስለ ጤና እንድታስተምርልኝ ለመንኳት። እሷም ሳምንታዊ ዕቅዷን አውጥታ እያሳየችኝ «እህቴ፣ የጤና ክፍለ ጊዜ የለኝም። ያለኝ ቁጥር፣ ቀለም፣ ልኬት፣ አካባቢና መለየት ነው» አለችኝ። ዕቅዱን አብረን ስናየው ግን ሌላ ክፍለ ጊዜ እንደማያስፈልገን ተረዳን። ልጆቹ የሚቆጥሩት፣ የሚለኩትና የሚለዩት ነገር የጤና ነገር ቢሆን በቂ ነው።

ይህ ሐሳብ ከአገሪቱ አሠራርም የራቀ አይደለም። በ2010 እ.ኤ.አ. ስለ ቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት የወጣውን ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ ያዘጋጁት ትምህርት ሚኒስቴር፣ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴርና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴር በጋራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኦ ክፍል በየመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ግቢ እየተስፋፋ መጥቷል።

ሕፃን ልጅ ረጅም ምክር አይዝም። የሚይዘው አጭር የሆነውን፣ በሥራው ሰዓት የተነገረውንና የተደጋገመውን ነው። ዑመር ኢብን አቢ ሰለማ (ረ.ዐ.) በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤት ያደገ ልጅ ሳለ እጁ በገበታው ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል፣ ቢስሚላህ እንዲል፣ በቀኙ እንዲበላና ከፊት ለፊቱ እንዲበላ ተማረ። ትምህርቱ ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ የተሰጠውም ምግቡ ፊቱ ቀርቦ ሳለ ነው። ዑመርም ከዚያ በኋላ አበላሉ እንዲያው ሆኖ መቅረቱን ራሱ አውርቷል። ለአፀደ ሕፃናት መምህራን ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም።

ሰኞ፦ ቁጥርና እጅ መታጠብ

ሰኞ ልጆቹ እስከ 20 ይቆጥራሉ። ቁጥሩን ግን ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመው ሳይሆን ክዳኑ በተበሳ ጀሪካን ሥር እጃቸውን በሳሙና እያሹ ይቆጥሩታል። ቀስ ብሎ እስከ 20 መቁጠር 20 ሰከንድ ያህል ይወስዳል፤ ለእጅ መታጠብ የሚመከረውም ጊዜ ይኸው ነው። መዳፍ፣ የእጅ ጀርባ፣ በጣቶች መሐልና ጥፍር ሥር በየተራ ይታሻሉ። ሳሙና ከሌለ ንጹሕ አመድ ይተካዋል።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ልጆቻችን ለውዱእ በቀን ብዙ ጊዜ ውሃ ይነካሉ፤ ውዱእ ግን ሳሙናን አይተካም። ከመጸዳጃ ቤት መልስና ከምግብ በፊት ሳሙና የግድ ነው።

ማክሰኞ፦ ቀለምና ገበታ

ማክሰኞ የቀለም ቀን ነው። ቢጫን በዱባ፣ በማንጎና በፓፓያ፣ አረንጓዴን በባምያና በጎመን፣ ቀይን በቲማቲም፣ ነጭን በወተትና በሰሊጥ ይማሩታል። መምህርቷ «ትናንት ማታ ምን ዓይነት ቀለም በላችሁ?» ብላ ስትጠይቅ የልጆቹ መልስ የቤታችንን ገበታ ያሳያል። በኮኪትና በአካባቢው የብዙ ልጅ ገበታ አንድ ቀለም ብቻ ነው፤ ማሽላ በሽሮ፣ ጠዋትም ሻይ በቂጣ። ማሽላ ጉልበት ይሰጣል። ዓይንን ለሚጠብቀው ቫይታሚን ኤ ግን ቢጫውና አረንጓዴው ያስፈልጋል፤ ደም እንዳያንስ ደግሞ ምስር፣ ሥጋና አረንጓዴ ቅጠል።

ሰሊጣችንን በኩንታል እየሸጥን ለልጆቻችን አንድ ማንኪያ መንፈጋችን ያሳዝናል። ቆላ አድርጎ በደንብ ወቅጦ ከገንፎ ጋር ማዋሐድ ቅባት፣ ፕሮቲንና ካልሲየም ይጨምራል። ሻይ ደግሞ በምግብ ውስጥ ያለው አይረን ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያውክ ለሕፃን ልጅ ከምግብ ጋር መስጠት አይመከርም።

ረቡዕ፦ ልኬትና ውሃ

ረቡዕ ልጆቹ «ሙሉ፣ ግማሽ፣ ባዶ» እያሉ ውሃ ይለካሉ። የግማሽ ሊትር፣ የአንድ ሊትርና የሁለት ሊትር ሃይላንድ ጎን ለጎን ይቀመጥላቸዋል፤ የአንድ ሊትሩን መለየት ይለማመዳሉ። ጥቅሙ የሚታየው ቤት ውስጥ ነው። ለተቅማጥ የሚሰጠው አንድ ከረጢት ኦ አር ኤስ የሚበጠበጠው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው። በግማሽ ሊትር ከተበጠበጠ ጨው በዝቶ ልጁን ይጎዳል፤ በሁለት ሊትር ከሆነ ደግሞ ይቀጥናል። የተበጠበጠው 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋል። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች 20 ሚሊ ግራም ዚንክ በቀን አንዴ ከ10 እስከ 14 ቀን አብሮ ይሰጣል። ብዙ እናቶች ተቅማጡ ሲቆም ዚንኩን ያቋርጣሉ፤ ይህ ስህተት ነው።

ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚሻገርባቸው የመጋቢትና የሚያዝያ ቀናት ልጆች በጨዋታ ተጠምደው ጥማቱን ይረሱታል። መምህርቷ በሰዓቱ ታጠጣቸዋለች፤ እነሱም ሽንታቸው ሲጠቁር ውሃ እንደሚያንሳቸው ይማራሉ። በ2015 ማብቂያና በ2016 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ የሱዳን ጦርነት ከተነሳ በኋላ በመተማ በኩል የገቡ ስደተኞች በሠፈሩበት በኩመር መጠለያ ኮሌራ ተከስቶ እንደነበር እናስታውሳለን። ንጹሕ ውሃና የኦ አር ኤስ ልኬት ለአካባቢያችን ሩቅ ወሬ አይደለም።

ሐሙስ፦ አካባቢና አጎበር

ሐሙስ ስለ አካባቢያቸው ያወራሉ። በጨርቅ የተሠራች አሻንጉሊት በትንሽ አጎበር ሥር ትተኛለች። ልጆቹ ጫፉን ከፍራሹ ሥር እየሸጎጡ «ቀዳዳ አለ? የለም?» ይላሉ። የወባ ትንኝ የምትነክሰው በተለይ ሌሊት ነው። በቆላችን ከሙቀቱ የተነሳ አልጋ አውጥቶ ደጅ መተኛት የተለመደ በመሆኑ አጎበሩም አብሮ መውጣት አለበት። ዝናቡ ካበቃ በኋላ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ልጅ ካተኮሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ይመርመር።

ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ሆድ በግራ በኩል ካበጠና ልጁ ከከሳ ደግሞ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛር ሊሆን ስለሚችል «ወባ ነው» ብሎ ደጋግሞ መድኃኒት መግዛት አደገኛ ነው። ይህን የምለው እንደ መድኃኒት ሻጭ ነው።

ዓርብ፦ መለየትና «ሳልጠይቅ አልቀምስም»

ዓርብ ለጁሙዓ ሲባል ክፍሉ ቶሎ ስለሚለቀቅ ሥራው አጭር ነው፤ ለእኔ ግን ትልቁ ይኸው ነው። መምህርቷ ምንጣፍ ላይ ባዶ የመድኃኒት ማሸጊያ፣ የከረሜላ ልጣጭ፣ ሙዝ፣ ሳሙና እና አዲስ ሃይላንድ ውስጥ የተጨመረ የከርከዴ ውሃ ታስቀምጣለች። ልጆቹ በሦስት ይለያሉ፦ «ይበላል»፣ «አይበላም» እና «አላውቅም»። ሦስተኛው ምድብ ከሁሉም ይበልጣል። የማይታወቅ ነገር ወደ ትልቅ ሰው ይወሰዳል። ልጆቹም በአንድ ድምፅ «ሳልጠይቅ አልቀምስም!» ይላሉ። ወደ ክፍል እውነተኛ መድኃኒትም ሆነ የኬሚካል ዕቃ ፈጽሞ አይገባም።

ከርከዴውን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በሰሊጥና በጥጥ እርሻ አካባቢ የአረምና የተባይ ማጥፊያ በሃይላንድ ተቀንሶ ወደ ቤት ይመጣል፤ ነጭ ጋዝና ቤንዚንም እንዲሁ። በሙቀት የተጠማ ልጅ ሃይላንድ ሲያይ የሚያስበው ውሃ ነው። ውድ አባቶች፣ ኬሚካል ከራሱ ዕቃ ወደ ሌላ ዕቃ አይቀነስ፤ ተቆልፎ ይቀመጥ። ኬሚካል የያዘ ዕቃ ታጥቦም ቢሆን ለውሃ አይሁን።

ልጅ አንዳች ነገር ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ እንዲያስመልሰው ጉሮሮውን አትነካኩ፤ ወተትና ዘይትም አታጠጡት። በተለይ ነጭ ጋዝና ቤንዚን ሲያስመልስ ወደ ሳንባ ገብቶ ይገድላል። ኬሚካል ቆዳው ላይ ከፈሰሰ ልብሱን አውልቃችሁ በብዙ ውሃና በሳሙና እጠቡት። ዕቃውን ወይም ማሸጊያውን ይዛችሁ ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ልጁ የተሻለው ቢመስልም አትዘግዩ፤ በአይረን የተመረዘ ልጅ ለጥቂት ሰዓት ተሽሎት እንደገና ሊብስበት ይችላል።

ለመድረሳዎቻችንና ለወላጆች

ይህ አሠራር ለቁርኣን ቤትም ይመቻል። ሐሙስና ዓርብ የሚያርፉ መድረሳዎች ከቅዳሜ እስከ ረቡዕ ሊያደርጉት ይችላሉ። እኔ ልጅ ሆኜ ስቀራ ኡስታዛችን ሉሓችንን ከመያዛችን በፊት እጃችንን ያሳዩን ነበር። ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖሬ ዛሬም መጽሐፍ ከማንሳቴ በፊት እጄን አያለሁ። ልማድ እንዲህ ነው የሚቀረው።

ከወላጆች የሚጠበቀው ቀላል ነው። ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ «ዛሬ ምን ለካችሁ? ምን ለያችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ያንኑ በዚያው ቀን ቤት ውስጥ አብራችሁት ሥሩ። ክፍሉ ሳሙና ከሌለው አንድ ሳሙና ላኩ። መድኃኒት ስትሰጡ «መድኃኒት ነው፣ ይመራል ግን ያድንሃል» በሉ እንጂ እኔ እንዳደረግኩት ከረሜላ ነው አትበሉ።

ልጄ ዛሬ አያቷ ማር ስታቀርብላት እንኳ ማንኪያውን ይዛ ወደ እኔ ትዞርና «እማዬ፣ ልቅመስ?» ትላለች። እናቴም «የኔን ማር ደግሞ ምን ልታስጠይቂበት ነው!» ብላ ትቆጣለች። እኔ ግን ቁጣዋን በደስታ እችለዋለሁ።

አላህ (ሱ.ወ.) አደራ የሰጠንን ልጆች በጤና ያሳድግልን።