ሙቀት፣ ላብና ኩላሊት
(ለጥናት ክበቦች የቀረበ)

በሪያድ ውስጥ ሹመይሲ ሲባል ብዙ ሰው በቅድሚያ የሚያስታውሰው ሆስፒታሉን ነው። ዛሬ መጠሪያው የንጉሥ ሳዑድ የሕክምና ከተማ ቢሆንም ነዋሪው በሠፈሩ ስም ይጠራዋል። በዚህች ከተማ ብዙ ወገኖቻችን በላባቸው ያድራሉ። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ ሙቀት የሠራተኛውን ኩላሊት እንዴት እንደሚጎዳና ጉዳቱን እንዴት መከላከል እንደሚቻል እንመለከታለን።

ሰውነት በሙቀት ጊዜ ራሱን የሚያቀዘቅዘው በላብ ነው። የሪያድ በጋ ደረቅ በመሆኑ ላብ ወዲያው ይተናል፤ ሠራተኛው ልብሱ ሳይርስ ብዙ ውኃ ያጣል። ውኃ ሲጎድል ወደ ኩላሊት የሚደርሰው ደም ይቀንሳል። ጉዳቱ አንድ ጊዜ ቢደርስ ኩላሊት ሊያገግም ይችላል፤ በየቀኑ ሲደጋገም ግን ጠባሳ ሊተው ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2002 የኤል ሳልቫዶር ሐኪሞች የስኳር በሽታም ሆነ የደም ግፊት ሳይኖርባቸው ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች መብዛታቸውን ጽፈው አሳወቁ። ከእነዚህም ብዙዎቹ የእርሻ ሠራተኞች ነበሩ። በኒካራጓም ሸንኮራ አገዳ ቆራጮች ላይ ተመሳሳይ ሁኔታ ታየ። የኔፓል ሐኪሞችም ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የተመለሱ ወጣቶች ለኩላሊት እጥበት እንደሚመጡ ገልጸዋል።

ጥም በምን ይቆረጥ የሚለውም ጥያቄ ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ የአሜሪካ ጥናት 12 ጤነኛ ሰዎች በሞቃት ክፍል ለ4 ሰዓት ሲደክሙ፣ አንድ ጊዜ ውኃ፣ ሌላ ጊዜ ለስላሳ መጠጥ ጠጡ። የኩላሊት ጉዳት ምልክት ጎልቶ የታየው በለስላሳው ጊዜ ነው።

ከዚህ በመነሣት የሚከተሉትን እናሳስባለን፦

1ኛ/ ጥም ሳይጠበቅ በየ15 ወይም 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ውኃ መጠጣት፤ ለስላሳን የውኃ ምትክ አለማድረግ።

2ኛ/ ሽንት እንደ ሻይ ከጠቆረ ውኃ መጉደሉን መረዳት።

3ኛ/ ለወገብና ለራስ ሕመም እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉትን ማስታገሻዎች በሙቀት ሥራ ላይ አለማዘውተር፤ ውኃ በጎደለው ሰውነት ኩላሊትን ይጎዳሉና።

4ኛ/ የኩላሊት ድካም እስኪብስ ድረስ ላይሰማ ስለሚችል፣ በሕክምና ጊዜ የክሬያቲኒን የደም ምርመራ መጠየቅ።

ይሁን እንጂ ውኃ ብቻውን አይበቃም። በኒካራጓ የአገዳ እርሻ የሠራተኞች የኩላሊት ጉዳት የቀነሰው ውኃ፣ ጥላና የታወቀ የዕረፍት ሰዓት በአንድነት ሲሰጡ ነው። በሳዑዲ ዓረቢያም በየዓመቱ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ድረስ፣ በቀጥታ ፀሐይ ላይ ማሠራት በደንብ ተከልክሏል። ይህን ደንብ የማያውቅ ሠራተኛ ዕረፍቱን እንደ ችሮታ ይለምናል፤ የሚያውቅ ግን እንደ መብቱ ይጠይቃል። ስለዚህ ያነበበ ላላነበበው ይንገር፤ በተለይም ሪያድ ዘመድ ያለው በስልክ ያድርስ።