ከቆጣሪው ወዲህ፦ በፈረቃ ውሃ ከተማ ቧንቧ መቀየርና መግጠም

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። አባባሉ የተነገረው ስለ ወንዝ ቢሆንም በእኔ እምነት በየግቢያችን ቆሞ ጠብ ጠብ ለሚለው ቧንቧም በደንብ ይሠራል። ይህን ርዕስ መምረጤን የሰሙ የክፍል ጓደኞቼ «ቧንቧ መግጠም ደግሞ የጋዜጠኝነት ርዕስ ነው እንዴ?» ብለውኛል። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ስለ ውሃ ስንጽፍ የለመድነው ግድብ፣ ጥልቅ ጉድጓድና የምረቃ ሥነ ሥርዓት ነው። ከቆጣሪው ወዲህ ላለችው ትንሽ ዕቃ ግን ሪባን የሚቆርጥላት የለም። ሆኖም ስንት የተደከመበት ውሃ በመጨረሻ ብርጭቆ ውስጥ መግባቱ ወይም መሬት ላይ መፍሰሱ የሚወሰነው በእሷ ነው።

ያደግኩት መካነ ሰላም ነው። ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ክረምት ላይ ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል፤ ወርዶም ቁልቁል ወደ አባይ ሸለቆ ይሄዳል። ቧንቧው ግን እንደ ብዙዎቹ የክልላችን ከተሞች በፈረቃ ነው የሚመጣው። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው ውሃ ሃያ አራት ሰዓት ለሚመጣለት ቤት የተጻፈ መመሪያ ሳይሆን ለእኛ ቤት የሚሆነውን ነው። ልዩነቱ ትንሽ እንዳልሆነ ወደ ታች እናያለን።

የጠብታ ሂሳብ

በቅድሚያ ጠብታውን እንለካ። ከሚያንጠባጥበው ቧንቧ ሥር ብርጭቆ ለ10 ደቂቃ ማስቀመጥና የተጠራቀመውን በ144 ማባዛት ነው፤ ምክንያቱም በአንድ ቀን ውስጥ 144 ጊዜ 10 ደቂቃ አለ። ለምሳሌ ብርጭቆው 150 ሚሊ ሊትር ቢይዝ የቀኑ ድምር 21.6 ሊትር ይሆናል። ይህም አንድ ቢጫ ጄሪካን ከነትርፉ ማለት ነው። ውሃው በፈረቃ ግማሽ ቀን ብቻ ቢመጣ እንኳን ግማሽ ጄሪካን ይሄዳል። ቤቱ ሮቶ ካለው ደግሞ ጠብታው ፈረቃ አያውቅም፤ ያጠራቀምነውን ቀንም ሌሊትም ይጨርሰዋል።

ይህ ቁጥር ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ (ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም.) ለአንድ የገጠር ነዋሪ የተቀመጠው መለኪያ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ በቀን 25 ሊትር ነበር። ለከተሞች ደግሞ እንደየደረጃቸው ከ40 እስከ 100 ሊትር ነበር። እንግዲህ አንድ ያረጀ ጎሚኒ በቀን የሚያፈሰው ለአንድ ገበሬ ከታቀደለት ድርሻ ብዙም የማያንስ ነው ማለት ነው። ከከተማ ወጣ ሲባል ያንን ጄሪካን በጀርባዋ ተሸክማ ዳገት የምትወጣው ማን እንደሆነች ሁላችንም እናውቃለን።

ጠብታው የማይታይ ከሆነስ? ውሃ ባለበት ሰዓት ቧንቧዎቹን ሁሉ ዘግቶ ቆጣሪውን ማየት ነው። ሁሉም ተዘግቶ ቆጣሪው ከዞረ ውሃው በድብቅ የሚሄድበት ቦታ አለ። ውሃ በሌለበት ፈረቃ ግን ይህ ሙከራ ዋጋ የለውም። የመጸዳጃ ቤት ውሃ መልቀቂያ ሳጥን ካለ ጥቂት የቀይ ሥር ጭማቂ ሳጥኑ ውስጥ ጨምሮ ውሃ ሳይለቁ ሩብ ሰዓት መጠበቅ ይቻላል። ቀለሙ ታች መቀመጫው ውስጥ ከታየ ላስቲኩ አይዘጋም ማለት ነው።

ውሃው በምን ኃይል ይመጣል?

በ1880ዎቹ ዓ.ም. ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ጥግ ውሃ በቧንቧ ስቦ አዲስ አበባ ወደሚገኘው የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ባስገባ ጊዜ፣ ውሃ ቁልቁል ወርዶ መልሶ ሽቅብ መውጣቱ ሰዉን አስደንቆ ነበር። ምሥጢሩ ግን ቀላል ነው። ውሃው የተነሳበት ቦታ ከሚደርስበት ቦታ ከፍ ማለት አለበት። ዛሬም የከተማ ውሃ የሚለቀቀው ከፍ ካለ ማጠራቀሚያ ነው። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ገደማ ግፊት ይሰጣል።

ይህን ካወቅን ብዙ ወጪ እናድናለን። ሮቶው ከቧንቧው በ3 ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ የምናገኘው ግፊት 0.3 ባር ገደማ ነው። በዚህ ግፊት ብዙዎቹ ውሃውን እያለፈ የሚያሞቁ የኤሌክትሪክ ሻወሮች አይነሱም። ሰዉ ግን «ሻወሩ ተበላሽቷል» ብሎ ሌላ ይገዛል። ሮቶ ከፍ ይደረግ ሲባልም 1,000 ሊትር ውሃ 1,000 ኪሎ መመዘኑ መረሳት የለበትም፤ ማቆሚያው ያንን መሸከም አለበት።

የዕቃዎቹ ስም

ወደ ሱቅ ከመሄዳችን በፊት ስሙን እንወቅ። የሙያው ቋንቋ እንደ ጋራዡ ሁሉ ከጣሊያንኛ ብዙ ወርሷል። ውሃውን የሚዘጋው ክብ ላስቲክ ጎሚኒ ነው። መጠበቂያውን ብሎን የምንፈታበት ካቻቢቴ፣ የምንይዝበት ፒንሳ፣ እጅ የምንታጠብበት ደግሞ ላቫንዲኖ ይባላል። «ያቺ ጥቁሯ ነገር» ብሎ ለሚጠይቅና «የግማሽ ኢንች ጎሚኒ» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ባለሱቁ የሚሰጠው መልስ አንድ አይደለም። ለዘጋቢም ያው ነው፤ ስሙን ያላወቀ ሰው ችግሩን አይጠይቅም።

ጎሚኒ መቀየር

እየተሽከረከረ በሚዘጋው የተለመደው ቧንቧ ላይ ጠብታ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ጎሚኒው ነው። ሥራው እንዲህ ነው።

አንደኛ፣ ከቆጣሪው አጠገብ ያለውን መዝጊያ መዝጋት፤ ከዚያ ቧንቧውን ከፍቶ የቀረውን ውሃ ባልዲ ውስጥ ማፍሰስ።

ሁለተኛ፣ እጀታውን በካቻቢቴ ፈትቶ፣ ከሥሩ ያለውን አንገት በመፍቻ ወደ ግራ ማዞርና ልቡን ማውጣት። ጎሚኒው ጫፉ ላይ ተቀምጦ ይገኛል።

ሦስተኛ፣ አሮጌውን ይዞ ሱቅ በመሄድ ልክ ያንኑ የሚያህል መግዛት። ቢቻል ሦስት አራት መግዛት ይሻላል፤ መንገድ በሚዘጋጋበት ጊዜ ከደሴ የሚመጣ ዕቃ ሱቅ ላይ ላይገኝ ይችላል።

አራተኛ፣ አዲሱን ከማስገባት በፊት ጎሚኒው የሚያርፍበትን የብረት ከንፈር በጣት መዳሰስ። ከንፈሩ ከተበላ የፈለግነውን ያህል አዲስ ጎሚኒ ብንለዋውጥ ጠብታው ይቀጥላል። ያኔ ቧንቧው በሙሉ መቀየር አለበት።

ሙሉ ቧንቧ መቀየር

እዚህ ጋ ነው ብዙ ቤት ጉዳት የሚደርሰው። አክስቴ ቤት የተቀጠረ አንድ ልጅ የግቢውን ቧንቧ በአንድ መፍቻ ብቻ ታግሎ ሲያዞር፣ ቧንቧው ሳይሆን መሬት ውስጥ ያለው የብረቱ ክር ዞሮ ተሰበረ። የሃያ ደቂቃ ሥራ የነበረው ሦስት ቀን ቁፋሮ ሆነ፤ ሦስቱንም ቀን ውሃ ከጎረቤት ተቀዳ። ከዚያ በኋላ የመጡትን አዛውንት ቧንቧ ሠራተኛ አጠገባቸው ቆሜ አየኋቸው። በአንዱ መፍቻ የቆመውን ብረት መታጠፊያ ጥርቅም አድርገው ያዙ፣ በሌላው ቧንቧውን አዞሩ። ምሥጢሩ በቃ ይኸው ነው፤ ሁለት መፍቻ፣ አንዱ ለመያዝ አንዱ ለማዞር።

ቀጥሎ አሮጌው ክር ይጠረጋል። ድሮ ቃጫ የመሰለ ክር ከቀለም ጋር ይጠመጠም ነበር፤ አሁን ነጩ ቴፍሎን አለ። የአዲሱን ቧንቧ ክር ወደ ራሳችን አዙረን ቴፍሎኑን ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ መጠምጠም አለብን። በተቃራኒው ከተጠመጠመ ስናጠብቅ ተልጦ ይወጣል። ከዚያ መጀመሪያ በእጅ፣ ቀጥሎ በመፍቻ ይጠብቃል። አፉ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ሲመጣ ማቆም ነው። አልፎ ከሄደ ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም፤ ቴፍሎኑ ስለሚላላ ተፈትቶ እንደገና መጠምጠም አለበት።

«ጋሼ፣ ማጥበቅ እስከ ምን ድረስ ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ጉልበትሽ እስኪያልቅ አይደለም ልጄ፣ ውሃው እስኪያቆም ነው» አሉኝ።

በመጨረሻ መዝጊያው ቀስ ተብሎ ይከፈታል። መገጣጠሚያው በጨርቅ ከደረቀ በኋላ በደረቅ ሶፍት ይዳሰሳል፤ ሶፍቱ ከረጠበ ሥራው አላለቀም። ላቫንዲኖ ሲገጠም ደግሞ ከሥሩ ያለው የተጠማዘዘ ቱቦ፣ ማለትም ሲፎኑ፣ መዘንጋት የለበትም። በጥምዙ ውስጥ የሚቀረው ውሃ ከጉድጓዱ የሚመጣውን ሽታ ይዘጋል። ውሃ ለሳምንታት ሲጠፋ እሱም ደርቆ ቤቱ ይሸታል። ታዲያ ላቫንዲኖውን ከመስበር በፊት አንድ ጣሳ ውሃ ማፍሰስ በቂ ሊሆን ይችላል።

የትኛውን እንግዛ?

ሱቅ ውስጥ ዓይን የሚስበው በሩብ ዙር የሚከፈተው የሚያብረቀርቅ ቧንቧ ነው። ውስጡ እርስ በርስ የሚንሸራተቱ ሁለት የሴራሚክ ሳህኖች አሉት። ንጹህ ውሃ ላለበት ቦታ ግሩም ነው፤ ለዓመታት አያንጠባጥብም። በፈረቃ ከተማ ግን ውሃ ሄዶ ሲመለስ በመስመሩ ውስጥ የተቀመጠውን ዝገትና አሸዋ ይዞ ይመጣል። ያ አሸዋ ሳህኖቹን ይፍቃል። ከተፋቁ በኋላ ልቡ በሙሉ ይቀየራል፤ ልክ የሚሆነው ልብ ደግሞ በቀላሉ አይገኝም።

ስለዚህ በእኔ አመለካከት በቀጥታ ከመስመር ውሃ ለሚቀበል የግቢ ቧንቧ ባለ ጎሚኒው ይመረጣል። ስናነሳው ከበድ የሚል ቢሆን ጥሩ ነው። ባለ ሴራሚኩ ከሮቶ ውሃ ለሚመጣለት ኩሽና ይሁን፤ አሸዋው ሮቶው ውስጥ ይዘቅጣልና። ውሃ ሲመለስም መጀመሪያ የግቢውን ቧንቧ ለጥቂት ደቂቃ ከፍቶ ድፍርሱን ባልዲ ውስጥ ማስወጣት ዕቃውን ያድናል፤ ድፍርሱም ለአትክልት ይሆናል።

የጎማው ጫፍ የት ነው?

ከሁሉም በላይ እንዲታወቅልኝ የምፈልገው ይህን ነው። በየግቢው ከቧንቧ ላይ ጎማ ተሰክቶ ጫፉ በርሜል ወይም የልብስ ሳፋ ውስጥ ተነክሮ ይታያል። ውሃ ሲመጣ እንዲሞላ ተብሎ ቧንቧውም ክፍት ይተዋል። ውሃ ሲቋረጥ ግን መስመሩ ወደ ዝቅተኛው ሰፈር እየተራገፈ ባዶ ይሆንና መሳብ ይጀምራል። የተነከረው ጎማ ያኔ የሳፋውን እጣቢ ወደ መስመሩ ሊያስገባ ይችላል። በሚቀጥለው ፈረቃ ያ ውሃ የጎረቤት ልጅ ብርጭቆ ውስጥ ይገኛል። ሰዉ ምንጩን አያውቅም፤ ሆድ ቁርጠት ሲነሳ «ውሃው ነው» ይላል፤ ውሃውስ የት ተበከለ?

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። የጎማው ጫፍ ከበርሜሉ አፍ በላይ ቢያንስ ሁለት ሦስት ጣት ከፍ ብሎ ይታሰር፤ በመሃል አየር ካለ ቧንቧው ውሃ ሊስብ አይችልም። ሮቶ ላይም መሙያው ከውሃው በላይ ይግባ፤ ሲሞላ የሚዘጋ ተንሳፋፊ ኳስም ይኑረው። አቅም ላለው ከቆጣሪው ቀጥሎ ውሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቼክ ቫልቭ መግጠም ይቻላል። ውሃ የለም ብሎ ክፍት የተተወ ቧንቧም ይዘጋ፤ ውሃው ሌሊት መጥቶ ግቢውን አጥለቅልቆ ያድራል።

ማጠቃለያ

ከቆጣሪው ወዲህ ያለው በአብዛኛው የደንበኛው ኃላፊነት ነው። የመስመሩ ውሃ ግን የጋራ ነው። አንዱ ቤት የሚያፈሰው ከሌላው ፈረቃ ይቀነሳል፤ አንዱ ቤት መልሶ ያስገባውን ሌላው ይጠጣል። ስለሆነም የምንዘግበው «ውሃ ጠፋ» ብቻ አይሁን። በየሰፈሩ ስንዞር ቆጣሪው ሁሉም ተዘግቶ ይዞራል ወይ፣ የጎማው ጫፍ የት ነው፣ መለዋወጫ ሱቅ ላይ አለ ወይ ብለን እንጠይቅ።

ለየቤታችን ደግሞ አንዲት ፌስታል ትዘጋጅ፦ ሦስት የግማሽ ኢንች ጎሚኒ፣ አንድ ቴፍሎን፣ ካቻቢቴና ሁለት መፍቻ። ሁለት መሆናቸው እንዳይረሳ።