ፊታቸውን ስለ ቀቡት ወጣቶች



በዛሬው ትምህርታችን የምንመለከተው ጥያቄ ይህ ነው። አንድን ሰው የምናውቀው በምንድር ነው? በልብሱ ነው? በሚያዳምጠው ሙዚቃ ነው? ወይስ በራሱ ሥራ? ሁላችንም «በሥራው ነው» ብለን እንመልሳለን። ነገር ግን ጸጉሩን ያንጨባረረ ወይም ያልለመድነውን ልብስ የለበሰ ወጣት በመንገድ ላይ ስናይ መልሳችንን ቶሎ እንረሳዋለን። ነገሩን በሚገባ ለመረዳት በአሜሪካ አገር የሆነውን አንድ ታሪክ እንውሰድ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ጃጋሎ የሚባሉት እነማን ናቸው?

በሚሺጋን ግዛት የምትገኘው ዲትሮይት በመኪና ፋብሪካዎቿ የታወቀች ከተማ ናት። ፋብሪካዎቹ እየተዘጉ ሲሄዱ ብዙ ቤተሰብ ለችግር ተዳርጓል። ከዚያው አካባቢ የተነሡ ሁለት ሰዎች ኢንሴን ክላውን ፖሲ የተባለውን የራፕ ቡድን ይዘው በ1990ዎቹ ታወቁ። ፊታቸውን እንደ ሰርከስ ቀልደኛ በነጭና በጥቁር ቀለም ይቀባሉ። ግጥሞቻቸው ስለ ግድያና ስለ ደም የሚያወሩ፣ ስድብም የበዛባቸው ናቸው፤ ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም።

አድናቂዎቻቸው ጃጋሎ ይባላሉ። እነርሱም ፊታቸውን ይቀባሉ። መጥረቢያ ይዞ የሚሮጥ ሰው ሥዕል በልብሳቸው ላይ ያደርጋሉ፤ አንዳንዶቹም በገላቸው ላይ ይነቀሱታል። ከ2000 ጀምሮ ከብዙ ቦታ እየመጡ ለጥቂት ቀናት የሚቆይ ትልቅ ስብሰባ ያደርጋሉ። እርስ በርሳቸው የሚጠራሩትም «ቤተሰብ» እያሉ ነው።

2. በመካከላቸው ምን አገኙ?

ከእነርሱ ብዙዎቹ ስለ ራሳቸው ሲናገሩ ተመሳሳይ ታሪክ ያወሳሉ። በትምህርት ቤት በልብሳቸው ወይም በውፍረታቸው ተሥቆባቸዋል። ቤታቸው ድሀ ነበር፤ ወይም ወላጆቻቸው ተለያይተው ነበር። ከጃጋሎዎች መካከል በገቡ ጊዜ ግን የማያውቁት ሰው እንደ ወንድም ሰላም አላቸው።

አንድ ትንሽ ነገር እንመልከት። ፌይጎ የተባለው ለስላሳ መጠጥ በዲትሮይት የሚሠራ፣ ዋጋው ርካሽ የሆነ መጠጥ ነው። ድሀ ልጅ በሌላ ቦታ ይዞት ቢታይ ያፍርበት ይሆናል። በእነርሱ ኮንሰርት ላይ ግን እየተረጫጩ የሚደሰቱበት የበዓል መጠጥ ነው። በውጭ ሲታይ ብክነትና እብደት ይመስላል። ለልጁ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው፤ ያፈረበት ነገር በዚያ አያሳፍረውም።

3. ስም ሲወጣ

ስም ከቤት ይወጣል፣ ጎረቤት ይቀበላል እንደሚባለው፣ ለጃጋሎዎች ስም የወጣላቸው ከመንግሥት ቤት ነው። በ2011 የፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ፣ ማለትም ኤፍ ቢ አይ፣ ባሳተመው የወንበዴ ቡድኖች ዘገባ ላይ ጃጋሎዎችን በቅጡ ያልተደራጀ ወንበዴ ቡድን ብሎ መዘገባቸው። እርግጥ ነው፣ ከመካከላቸው ከባድ ወንጀል የፈጸሙ ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን ያው ዘገባ ራሱ አብዛኛው ወንጀል አልፎ አልፎ በተናጠል የሚፈጸም መሆኑን ጽፏል።

ከዚህ የተነሣ ምን ሆነ? አንድ የከባድ መኪና ሹፌር በመኪናው ላይ ባለው ሥዕል ምክንያት በፖሊስ ቆሞ ተጠየቀ። አንድ ወጣት ውትድርና ለመቀጠር ሲሄድ ንቅሳቱ እንቅፋት ሆነበት። በጥር 2014 ሁለቱ ሙዚቀኞችና አራት አድናቂዎች፣ የአሜሪካ የዜጎች ነጻነት ማኅበር የሚሺጋን ቅርንጫፍ እየረዳቸው፣ በመንግሥት ላይ ክስ አቀረቡ። ክሱ ከፍርድ ቤት ወደ ፍርድ ቤት ሲመላለስ ቆይቶ በታኅሣሥ 2017 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሳይቀበለው ቀረ።

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በመስከረም 16 ቀን 2017፣ ጃጋሎዎች በዋሽንግተን በሊንከን መታሰቢያ ፊት ተሰብስበው በሰላም ሰልፍ አደረጉ። በዚህ ስም ምክንያት ሥራ ያጡ ሰዎች ቆመው ተናገሩ። ፊታቸው እንደ ተቀባ ነበር። የጠየቁት ግን ማናችንም ብንሆን የምንጠይቀውን ነው፤ እያንዳንዳችን ባደረግነው እንጂ በሌላው ጥፋት አንጠየቅ አሉ።

4. ንቀት የሚያደርሰው

ንቀት ከክፉ ስም አልፎ እስከ ሞት ሊያደርስ ይችላል። በእንግሊዝ አገር፣ ላንካሸር ውስጥ ባለችው በቤከፕ ከተማ፣ በነሐሴ 2007 ሶፊ ላንካስተር የተባለች የ20 ዓመት ወጣት ከወንድ ጓደኛዋ ጋር በመናፈሻ ውስጥ ሳለች ልጆች ተነሡባቸው። ሁለቱ ጥቁር ልብስ የሚለብሱ፣ ጎት የሚባለውን የሙዚቃና የአለባበስ ስልት የሚከተሉ ነበሩ። እርሱን ደብድበው ከጣሉት በኋላ ሶፊ ራሱን በክንዷ ደግፋ ሳለች እርሷንም መቷት። እርሱ ተረፈ፤ እርሷ ግን ከጥቂት ቀናት በኋላ ሞተች። እናቷ ሲልቪያ ላንካስተር እስከ ሞተችበት እስከ 2022 ድረስ፣ ከእኛ የተለየውን አንጥላ እያለች ወጣቶችን ስታስተምር ኖረች። በ2013 የማንችስተር አካባቢ ፖሊስ እንዲህ ያለውን ጥቃት በጥላቻ እንደሚፈጸም ወንጀል ይመዘግበው ጀመር።

5. ለእኛ የሚሆን ትምህርት

አንደኛ፣ ጥፋት የአጥፊው ነው። አንዱ ስላጠፋ ምልክቱን የለበሰውን ሁሉ ጥፋተኛ ማለት ፍርድ አይደለም።

ሁለተኛ፣ «ቤተሰብ ነን» ማለት ክፉውን ነገር መልካም አያደርገውም። ጓደኛ የሚወደድ መሆኑ ግጥሙን ከመመርመር አያስቀርም። ሰውን መውደድና የሚለውን ሁሉ መቀበል ሁለት ነገሮች ናቸው።

ሦስተኛውና ዋናው ይህ ነው። አንድ ወጣት መጀመሪያ ሰላም የተባለው በእነዚያ ዘንድ ከሆነ፣ ከዚያ በፊት አይቶት ያለፈው ማን ነበር? «ለምን ወደዚያ ሄደ?» ብለን ከመጠየቃችን በፊት «ከእኛ ምን አጣ?» ብለን እንጠይቅ። በስብሰባችን በኋለኛው ወንበር ብቻውን ተቀምጦ፣ ማንም ሳያነጋግረው የሚሄድ ልጅ ይኖር ይሆናል። ስሙን እናውቃለን?

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. ሰዎች በመልክህ ወይም በልብስህ የተነሣ ያለ ጥፋትህ የጠረጠሩህ ጊዜ ነበርን? ምን ተሰማህ?

ለ. የአንድን ቡድን ዘፈን ሳንወድ አድናቂዎቹን ማክበር የምንችለው እንዴት ነው?

ሐ. በሚመጣው እሑድ እስከ ዛሬ ያላነጋገርከውን አንድ ሰው አነጋግር። የነገረህን ሳይሆን አንተ ያወቅኸውን ለቡድንህ ንገር፤ ምሥጢሩን ግን ጠብቅለት።