እስኪሰሙት ድረስ

ሐሳባችሁን ሁለት ሦስት ጊዜ ተናግራችሁ ሰሚ ስታጡ «በቃ፣ ከእንግዲህ አፌን አላደክምም» ብላችሁ ታውቁ ይሆናል። እንግዲያው ስለ ጆን ሂዩም ላጫውታችሁ።

ሂዩም በፈረንጆቹ 1937 በሰሜን አየርላንድ ዴሪ ከተማ ከድሃ የካቶሊክ ቤተሰብ ተወለደ። ለቅስና መማር ጀምሮ ተወውና መምህር ሆነ። ፖለቲካ ውስጥ ሳይገባ በፊት የሠራውን ልብ በሉልኝ። በ1960፣ ገና በ23 ዓመቱ፣ ከጥቂት ሰዎች ጋር ሆኖ በ7 ፓውንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር አቋቋመ። ባንክ ፊት የሚነሳው የሰፈሩ ሰው ከራሱ ማኅበር መበደር ቻለ። ሂዩም በስተርጅናውም በዚህ ማኅበር እንደሚኮራ ይናገር ነበር።

በ1969 ለሰሜን አየርላንድ ፓርላማ ተመረጠ። በማግስቱ ዓመት ከጓዶቹ ጋር ሶሻል ዴሞክራቲክና ሌበር ፓርቲን መሠረተ፤ ከ1979 ጀምሮም 22 ዓመት መራው። መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። በ1974 የንግድ ሚኒስትር የሆነበት የጥምር መንግሥት በአድማ ተመትቶ በአምስት ወሩ ፈረሰ። ሂዩም ያለ ሥራ ሲቀር ቤተሰቡን የያዘው የባለቤቱ የፓት የመምህርነት ደመወዝ ነው። (ስለ እሱ ሲወራ የእሷ ስም ሊዘለል አይገባም።)

ሰሜን አየርላንድ ከብሪታንያ ጋር እንቆይ በሚሉና ከአየርላንድ ጋር እንዋሐድ በሚሉ መካከል ደም በሚፈስበት በዚያ ሁሉ ዘመን ንግግሩ አንድ ነበር፦ የተከፋፈለው ሕዝቡ እንጂ መሬቱ አይደለም፤ ሕዝብን ደግሞ ጠመንጃ አንድ አያደርገውም። ያንኑ ይደግማል እያሉ የራሱ ወዳጆች ሳይቀሩ ይቀልዱበት ነበር። እሱ ግን መምህር ነው፤ መምህር ደግሞ ተማሪው እስኪገባው ይደግማል። እናንተም ያቋረጣችሁትን ሐሳብ ዛሬ እንደገና አንሱት፤ ትናንት ያልሰማችሁ ሰው ዛሬ ጆሮ ሊሰጣችሁ ይችላል።

ከባዱ ፈተና የመጣው ከታጣቂው ቡድን ከአይአርኤ ጋር ከተቆራኘው የሺን ፌን ፓርቲ መሪ ከጄሪ አዳምስ ጋር ሲነጋገር ነው። ሰላም ቢወርድ ሺን ፌን የፓርቲውን ድምፅ እንደሚወስድ እያወቀ ገፋበት፤ በ2001 ምርጫም የተፈራው ደረሰ። በንግግሩ ወቅት ጋዜጦች ዘለፉት። በጥቅምት 1993 መጨረሻ ከብሪታንያ ጋር እንቆይ ባይ ታጣቂዎች ግሬይስቲል መንደር መጠጥ ቤት ገብተው ተኮሱ፤ ስምንት ሰዎች ሞቱ። በቀብሩ ላይ የአንዱ ሟች ልጅ ወደ ሂዩም ቀርባ፣ ቤተሰቡ በአባቷ አስከሬን ዙሪያ ቆሞ ሥራው እንዲሳካለት መጸለዩን ነገረችው። ሂዩም እዚያው ሰው ፊት አለቀሰ። ንግግሩን ግን አላቆመም።

በነሐሴ 1994 አይአርኤ ተኩስ አቆመ። ሚያዝያ 10 ቀን 1998 የሰላም ስምምነት ተፈረመ፤ ለሕዝብ ሲቀርብም ከሰሜን አየርላንድ መራጮች 71 በመቶው «ይሁን» አሉ። ያ ሲቀለድበት የኖረ ንግግር የስምምነቱ አከርካሪ ሆነ! በዚያው ዓመት ሂዩም ከተቀናቃኙ ከዴቪድ ትሪምብል ጋር የኖቤል የሰላም ሽልማትን ተካፈለ፤ የደረሰውንም ገንዘብ ለድሆች መርጃ ሰጠው።