ወሬው ከክትባቱ ቀድሞ እንዳይደርስ
የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችንና በጎ ፈቃደኞችን ስለ ማሠልጠን ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የቀረበ ትምህርት

መግቢያ

የሰንበት ቅዳሴ አብቅቶ ምእመናን ሲሰናበቱ አንዲት እናት ወደ ንስሐ አባቷ ቀርባ፣ መስቀል ተሳልማ፣ ስልኳን ከነጠላዋ ሥር አውጥታ የሁለት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ታሰማቸዋለች እንበል። ድምፁ የማይታወቅ ሰው ነው፤ መልእክቱን ግን የላከችላት በዓረብ አገር የምትሠራ እኅቷ ናት። ተናጋሪው በትምህርት ቤት ለልጃገረዶች የሚሰጠው መርፌ መካን እንደሚያደርግ እየማለ ይናገራል። የእናቲቱ ልጅ 14 ዓመት ሞልቷታል፤ ክትባት ሰጪዎቹ ማክሰኞ ይመጣሉ። «አባቴ፣ ላስከትባት ወይስ የዚያን ቀን ከትምህርት ቤት ላስቀራት?» ስትል ትጠይቃለች።

ይህ በምሳሌነት የቀረበ ነው፤ ጥያቄው ግን በየደብሩ የሚነሣ ነው። ካህኑ «አላውቅም» ብለው ቢያልፏት ልጅቱ ከክትባቱ ትቀራለች። ተቆጥተው «ዝም ብለሽ አስከትቢ» ቢሏት ደግሞ ፍርሃቷ አብሯት ወደ ቤቷ ይሄዳል፤ ወደ ጎረቤቶቿም ይዛመታል። ከእነዚህ ከሁለቱ የተሻለ መልስ ይኖር ዘንድ አስቀድሞ መዘጋጀት ያስፈልጋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሰበካ ጉባኤያትና ካህናት በየአካባቢያቸው ካሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ተባብረው በማኅበራዊ መገናኛ የሚናፈሰውን የተሳሳተ ወሬ በእውነትና በትዕግሥት መመለስ የሚችሉ ሰዎችን እንዴት እንደሚያሠለጥኑ ማሳየት ነው።

፩. ክትባት ምን ሠርቶልናል?

«ክትባት» የሚለው ቃል «ከተበ»፣ ማለትም ጻፈ፣ ከሚለው ግስ የወጣ ነው። አባቶቻችን በአንገት የሚንጠለጠለውን ጽሑፍ «ክታብ» ያሉት ከዚሁ ሥር ነው። በዘመናዊው ሕክምና ደግሞ ክትባት ማለት ሰውነት ገና ያላያትን ጠላት አስቀድሞ እንዲያውቃት መልኳን በመከላከያ ኃይሉ ላይ መጻፍ ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም።

ፈንጣጣ በአገራችን ለዘመናት ስንቱን ቀጥፎ፣ ከሞት የተረፉትንም ፊታቸውን አበላሽቶ፣ ዓይናቸውን አጥፍቶ ኖሯል። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተገኘው በ1968 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። በሚያዝያ 1972 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው ከምድር ገጽ መጥፋቱን አወጀ። ዛሬ ከ40 ዓመት በታች የሆነ ሰው ፈንጣጣን የሚያውቀው በአያቶቹ ወሬ ብቻ ነው። እዚህ ላይ አንድ ፈተና አለ፤ ክትባት በሽታውን ባጠፋ ቁጥር ሰው በሽታውን ይረሳል፤ በሽታውን የረሳ ሰው ደግሞ ከበሽታው ይልቅ መርፌውን ይፈራል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ ባደረገው ጥናት መሠረት ባለፉት 50 ዓመታት ክትባት ቢያንስ የ154 ሚሊዮን ሰዎችን ሕይወት አድኗል፤ ከእነዚህ የሚበዙት ሕፃናት ናቸው። በአገራችን ይህን ሥራ እስከ ቀበሌ ያደረሱት እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው መርሐ ግብር የተሠማሩት፣ አብዛኞቹ ሴቶች የሆኑት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። ቤት ለቤት የሚዞሩት፣ የእናቶችን ስም የሚያውቁት፣ ወሬውንም አስቀድመው የሚሰሙት እነርሱ ናቸው።

፪. ወሬ የሚያስከፍለው ዋጋ

ሦስት አገሮች ያዩትን እንመልከት።

እ.ኤ.አ. በ2003 በሰሜን ናይጄሪያ በካኖ ግዛት የፖሊዮ ክትባት ሴቶችን መካን ያደርጋል የሚል ወሬ ተነዝቶ፣ አንዳንድ የሃይማኖትና የፖለቲካ መሪዎችም ደግፈውት ክትባቱ ለወራት ተቋረጠ። ቫይረሱም ከዚያ ተነሥቶ ከፖሊዮ ነጻ ወደነበሩ በርካታ አገሮች ተዛመተ፤ ኢትዮጵያም ከእነዚህ አንዷ ነበረች። በካኖ የተናፈሰ ወሬ በእኛ አገር ልጆችን አሽመደመደ ማለት ነው። ነገሩ የተፈታው በኃይል አልነበረም። ክትባቱ እንደገና ተመረመረ፤ ሕዝቡ ከሚያምነው አገር፣ ከኢንዶኔዥያ፣ የተመረተ ክትባት መጣ፤ የሃይማኖት አባቶችም በአደባባይ ልጆችን አስከተቡ። የሃይማኖት መሪ ቃል ለመዝጋትም ለመክፈትም ኃይል እንዳለው ከዚህ እንማራለን።

ጃፓን የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባትን ለልጃገረዶች ስትሰጥ ቆይታ፣ በመገናኛ ብዙኃን የተሠራጩ አስደንጋጭ ዘገባዎችን ተከትሎ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2013 ለቤተሰብ ክትባቱን መምከሩን አቆመ። ወደ 70 በመቶ የደረሰው የተከታቢዎች ቁጥር ከ1 በመቶ በታች ወረደ። ምክሩ እንደገና እስኪጀመር ዘጠኝ ዓመት ያህል ፈጀ።

በዴንማርክም በተመሳሳይ ምክንያት የተከታቢዎች ቁጥር አሽቆለቆለ። እዚያ ግን የጤና ባለሥልጣናቱ ከካንሰር ማኅበሩና ከሐኪሞች ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2017 ወሬው ወደተነዛበት ወደ ፌስቡክ ራሱ ገቡ፤ በበሽታው ያለፉ ሴቶች ታሪካቸውን ተናገሩ፤ የወላጆች ጥያቄ በትሕትና ተመለሰ። እምነቱም ቀስ በቀስ ተመለሰ። ዝም ያለ ጠፋበት፤ ቀርቦ ያነጋገረ መለሰው።

፫. ወሬ ለምን ይፈጥናል?

በአሜሪካ የሚገኙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት ትዊተር ላይ የሐሰት ዜና ከእውነተኛው ይልቅ በ70 በመቶ የበለጠ የመጋራት ዕድል እንዳለው አሳይተዋል። ያሠራጩትም በዋናነት ሰዎች ራሳቸው እንጂ ማሽኖች አይደሉም። ምክንያቱም ሐሰቱ አዲስና አስደንጋጭ ሆኖ ስለሚገኝ ነው።

በእኛ ዘንድ ደግሞ ወሬው በቴሌግራም፣ በዋትስአፕ፣ በቲክቶክ ይመጣል። የሚያምኑትን ዘመድ ስም ይዞ ስለሚመጣ ምንጩን ማንም አይጠይቅም። እኅቷ የላከችው የእኅቷ ቃል ይመስላል፤ እኅቷም ያገኘችው ከሌላ ሰው መሆኑ ይረሳል። ሠልጣኞች የሚከተሉትን አራት ምልክቶች ለይተው ሊያውቁ ይገባል።

አንደኛ፣ ፍርሃትና ጥድፊያ፦ «ሳይጠፋ ቶሎ አስተላልፉ» የሚል ጥሪ።
ሁለተኛ፣ ስምና ቦታ የሌለው ምስክር፦ «አንድ ትልቅ ዶክተር ተናገሩ» የሚል፤ ማን፣ የት፣ መቼ እንደሆነ ግን የማይገልጽ።
ሦስተኛ፣ የተጣመመ እውነት፦ ከክትባት በኋላ ትኩሳት መኖሩ እውነት ነው፤ «መርዝ ስለሆነ ነው» የሚለው ግን የተጨመረ ነው።
አራተኛ፣ ከሌላ ቦታና ጊዜ የተወሰደ ምስል፦ በሌላ አገር በሌላ ምክንያት የታመመ ሕፃን ፎቶ።

፬. ሥልጠናው ምን ይይዛል?

ሠልጣኞቹ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የመንደር በጎ ፈቃደኞች፣ ከሰንበት ትምህርት ቤት ስልክ በሚገባ የሚጠቀሙ ወጣቶች፣ እንዲሁም ቢያንስ አንድ ካህን ቢሆኑ መልካም ነው። ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት አሠልጣኝ ይጠየቅ። ሥልጠናው አራት ክፍሎች ቢኖሩት ይበቃል።

ሀ. የበሽታውና የክትባቱ እውቀት። ሠልጣኙ ያላወቀውን አያስረዳም። ለምሳሌ የማኅፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ኤች.ፒ.ቪ. የተባለ ቫይረስ ነው። በኢትዮጵያ ክትባቱ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ነው። በውስጡ ሕያው ቫይረስ የለም፤ የቫይረሱን ውጫዊ ሽፋን የሚመስል ፕሮቲን ይዟል፤ ስለዚህም በሽታውን ሊያመጣ አይችልም። በስዊድን ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ሴቶችን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት ከ17 ዓመታቸው በፊት የተከተቡት በዚህ ካንሰር የመያዛቸው መጠን ካልተከተቡት በ88 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቷል። መካን ያደርጋል የሚለውን ወሬ የሚደግፍ ማስረጃ አልተገኘም፤ እንዲያውም የማኅፀን በር ካንሰር ራሱና ሕክምናው ናቸው የመውለድን ተስፋ የሚያጠፉት።

ለ. ያልተሸፈነ እውነት። መርፌ የተወጋበት ክንድ ሊያብጥና ሊያም፣ ትኩሳትም ሊኖር ይችላል። በተለይ ወጣቶች በድንጋጤ ራሳቸውን ሊስቱ ስለሚችሉ ተቀምጠው ተከትበው 15 ደቂቃ ያህል ማረፍ አለባቸው። ከባድ የአለርጂ ሕመም እጅግ አልፎ አልፎ ይከሠታል፤ ጤና ሠራተኛዋም ይህን ለመርዳትና ለበላይ ለማሳወቅ ትዘጋጃለች። «ምንም አይሰማትም» ብሎ የተናገረ ሰው ልጅቱ ሲያተኩሳት ሌላው ቃሉም አይታመንም።

ሐ. የንግግር ልምምድ። ሠልጣኞች ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ እንደ ወላጅ፣ ሌላው እንደ ጤና ሠራተኛ ይነጋገሩ። ለምሳሌ፦

«እትዬ፣ ስለ ክትባቱ የሰሙት ነገር አለ?»
«አዎ ልጄ፣ መካን ያደርጋል አሉ። አንድ ልጅ ነው ያለችኝ።»
«አንድ ልጅ ላላት እናት ይህን መስማት ያስፈራል። እኔ የተማርኩትን ልንገርዎት ይፈቅዱልኛል?»
«ንገሪኝ እስቲ።»
«ክትባቱ ልጅዎን ከማኅፀን በር ካንሰር ይጠብቃታል። መካን ያደርጋል የሚል ወሬ እየተላለፈ ነው፤ እውነት አይደለም። ይህ ወሬ ስለ ፖሊዮም፣ ስለ መንጋጋ ቆልፍም ተብሎ ነበር፤ እኔና እርስዎ ግን የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ወስደን ወልደናል። ይህም ክትባት የሚሰጠው ነገ እናት ለመሆን በጤና እንድትደርስ ነው። አሁን ምን አሰቡ?»

እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ይታይ፤ አስቀድሞ ማዳመጥ፣ ፍርሃቱን ማክበር፣ ፈቃድ መጠየቅ፣ ከዚያ እውነቱን መናገር፣ ወሬው ስሕተት መሆኑን አንድ ጊዜ ብቻ ማንሣት፣ ስሕተቱ የተሠራበትን መንገድ ማሳየት፣ በእውነቱ መደምደም፣ ውሳኔውን ለወላጅ መተው። ወሬውን እየደጋገሙ ማስተባበል ግን ወሬውን ማስጠናት ነው።

መ. የስልክ ሥራ። አንድ የወሬ መዝገብ ይዘጋጅ፤ ምን ተባለ፣ በየትኛው መንገድ ደረሰ፣ መቼ ተሰማ የሚል፤ የላከው ሰው ስም ግን አይጻፍም። በየሳምንቱ ከጤና ኬላው ጋር ይታይ። መልሱም ከአንድ ደቂቃ ባልበለጠ የድምፅ መልእክት፣ በአካባቢው አነጋገር፣ ሰዎች በሚያውቁት ድምፅ ይዘጋጅ፤ የተናጋሪው ስምና ኃላፊነት ይነገር። በቡድን ውስጥ ወሬ ያስተላለፈን ሰው በሕዝብ ፊት መገሠጽ አይገባም፤ ለብቻው ማነጋገር ይሻላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን የክትባቱ ዘመቻ ሳይደርስ «እንዲህ የሚል ወሬ ይመጣባችኋል» ብሎ ማስጠንቀቅ ነው፤ ይህ ራሱ ለአእምሮ ክትባት ነው።

፭. የካህናትና የሰበካ ጉባኤ ድርሻ

ካህን ሐኪም አይደለም፤ ሐኪም እንዲሆንም አይጠበቅም። ድርሻው በር መክፈት ነው። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም እንደነበረ፣ ጸሎትና ሕክምና እንደማይጣሉ፣ ወደ ጸበል የሚሄድ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ መሄዱ የእምነት ጉድለት እንዳልሆነ ከዐውደ ምሕረት መናገር ይቻላል።

በተለይ አንድ ነገር ይታሰብ። ወንድ ልጅ በ40 ቀን፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ትነሣለች። በክትባቱ ሥርዓት ደግሞ ከተወለዱበት ቀን ክትባት ቀጥሎ የሚሰጡት በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ነው፤ ይህም በ42፣ በ70 እና በ98 ቀን ማለት ነው። በብዙ አካባቢ እናት ከክርስትናው ቀን በፊት ከቤት አለመውጣትን ልማድ አድርጋለች። ስለዚህ ሴት ሕፃን ሁለት ክትባቶች ሊያልፏት ይችላሉ። ሥርዓቱ ወደ ቤተ መቅደስ ስለ መግባት እንጂ ወደ ጤና ኬላ ስለ መሄድ እንዳልሆነ ካህናት ቢያስረዱ፣ በክርስትናው ቀንም «የክትባት ካርዷ የት ደረሰ?» ብለው በፍቅር ቢጠይቁ፣ ብዙ ሕፃናት ይተርፋሉ።

የሰበካ ጉባኤውም የደብሩን የንግሥና የታላላቅ በዓላት ቀኖች ለጤና ኬላው አስቀድሞ ያሳውቅ፤ የክትባት ቀንም በእነዚህ ላይ አይውልም። ለሥልጠናው አዳራሽ ይስጥ። በሰንበቴና በዕድር ጤና ሠራተኛዋ እንድትናገር ጊዜ ይመድብ። የሰንበት ትምህርት ቤቱ የቴሌግራም ገጽ ካለው ደግሞ ስለ ጤና የሚወጣው ነገር ሁሉ አስቀድሞ ለእርሷ ይታይ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ባለፉት ሦስት ወራት በአካባቢያችሁ ስለ ክትባት ምን ወሬ ሰማችሁ? ከአራቱ ምልክቶች የትኞቹ ታዩበት?
2. በደብራችሁ ሰው ሁሉ የሚያምነው ድምፅ የማን ነው? ያ ሰው ለሥልጠናው ተጋብዟል?
3. በ80 ቀን ክርስትና የተነሡ ሴት ሕፃናት ስንቶቹ የ6ኛውንና የ10ኛውን ሳምንት ክትባት ወስደዋል? ከጤና ኬላው ጋር ተመልከቱ።
4. በመግቢያው የተጠቀሰችው እናት ዛሬ ወደ እናንተ ብትመጣ ምን ትሏታላችሁ? ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተለማመዱ።

ማጠቃለያ

እናቲቱ ስልኳን ይዛ ወደ ንስሐ አባቷ የቀረበችው ስለምታምናቸው ነው። እርሳቸውም «ልጄ፣ ነገ ከጤና ሠራተኛዋ ጋር ተቀምጠን አብረን እንጠይቃት» ብለው ቢመልሱላት፣ ጤና ሠራተኛዋም ለዚያ ቀን በሚገባ ሠልጥና ብትጠብቃቸው፣ ማክሰኞ ልጅቱ ከትምህርት ቤት አትቀርም። የአንድ ደብር ዝግጅት የሚለካው በዚህች ቀን ነው።