መርዶ ባሕር ሲሻገር፦ ውጭ ሀገር ለሚማር ልጅ የቤተሰብ ድጋፍና ዝምታ፣ ከሐራ አንጻር

ወላጆች ባሕር ማዶ የሚማር ልጃቸውን እንዴት ሊደግፉ ይችላሉ የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ውይይቱ ብዙ ጊዜ ወደ ገንዘብ ያመራል። ለሐራና ለአካባቢዋ ገበሬ ግን የገንዘቡ መልስ አጭር ነው። ማሽላና ጤፍ ሸጦ የሚያድር ቤተሰብ የውጭ ሀገር የቤት ኪራይ ሊከፍል አይችልም፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ማሻሻያ ወዲህ ደግሞ የብር የመግዛት አቅም በዶላር ሲለካ ይበልጥ አሽቆልቁሏል። ከእንዲህ ያለ ቤት የወጣ ልጅ የሚማረው ነጻ የትምህርት ዕድል ሲያገኝ ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በወላጅ እጅ በቀረው ሌላ ነገር ላይ ነው፤ እርሱም ከቤት የሚነገረውና የሚደበቀው ወሬ ነው።

በወሎ፣ እንደ ሌላውም የኢትዮጵያ ክፍል፣ የሞት ዜና በዘፈቀደ አይነገርም። ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ አብዛኛውን ጊዜ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ወደ ሐዘንተኛው ቤት ይሄዳል። ጎረቤት አስቀድሞ ይሰማል፤ ቅሬውም ይዘጋጃል። ሐዘንተኛው ሲጮኽ የሚይዘው እጅ፣ ሲወድቅ የሚደግፈው ትከሻ በአጠገቡ አለ። ሰው እስኪሟላ ዜናውን ማቆየት በማኅበረሰቡ ዘንድ እንደ ውሸት አይቆጠርም፤ ለሐዘንተኛው የሚደረግ ጥንቃቄ ነው።

ልጁ ሕንድ ሀገር ሲሆን ይህ ሥርዓት ይናጋል። ሐራ ላይ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሲሆን በዚያ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው፤ ተማሪው ወደ ክፍል እየሄደ ይሆናል፤ በዙሪያውም መርዶ የሚያረዳ ዘመድ የለም። ቤተሰቡም መቆየቱን ያራዝመዋል፦ ፈተናው ይለፍ፣ ዓመቱ ይለቅ፣ እስኪመረቅ እንታገሥ።

ጸሐፊው ይህን በቤቱ ተመልክቷል። አያታችን ስታርፍ ታናሽ ወንድሜ ሕንድ ውስጥ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበር። በደወለ ቁጥር «ተኝታለች»፣ «ጎረቤት ሄዳለች» እየተባለ ሁለት ወር አለፈ። በመጨረሻ ያወቀው አንድ የሩቅ ዘመድ ፎቶዋን ከ«ነፍስ ይማር» ጋር በፌስቡክ ለጥፎ በማየቱ ነው። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ብቻውን። መርዶን ማቆየት ሊያስቀረው የፈለገው ብቸኝነት በማቆየቱ ምክንያት ደረሰበት። ደብዳቤ ወራት በሚፈጅበት ዘመን፣ ለምሳሌ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ወደ ኩባ በተላኩት ልጆች ጊዜ፣ ዝምታው ሊዘልቅ ይችል ነበር፤ ዛሬ ግን ምስጢሩ በአንድ ጎረቤት ስልክ ይፈርሳል።

ጉዳቱ በዚያ አላበቃም። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢው በጦርነቱ በሕወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ሥር በነበሩ ጊዜ ስልክ ተቋረጠ። አዲስ አበባ የነበረው ጸሐፊም ሆነ ወንድሙ የቤተሰቡን ደኅንነት ማወቅ አልቻሉም። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ፖውሊን ቦስ የሰውን በሕይወት መኖር ወይም አለመኖር ማረጋገጥ በማይቻልበት ሁኔታ የሚደርሰውን ሐዘን «አሻሚ እጦት» በሚል ጽንሰ ሐሳብ ገልጻዋለች፤ ለማልቀስም ለመጽናናትም መነሻ የሌለው ሐዘን ነው። መስመሩ ሲከፈት እናታችን «ሁላችንም ደህና ነን» አለች፤ እውነትም ነበር። ወንድሜ ግን ሊያምናት አልቻለም፤ ቀድሞም «ደህና ናት» ተብሎ ነበርና።

በጸሐፊው እምነት የባህሉ ዓላማ ተጠብቆ አፈጻጸሙ ሊለወጥ ይችላል። ቤተሰብና ልጅ ከጉዞ በፊት፣ ሻንጣ በሚታሰርበት ሰሞን፣ ክፉ ነገር ቢመጣ ማን እንዲነግረው እንደሚፈልግ በግልጽ ቢነጋገሩ ይበጃል። ጥያቄው ለእናት አፍ ይከብዳል፤ እንደ ሟርትም ሊቆጠር ይችላል፤ ስለዚህ አጎት ወይም ታላቅ ወንድም ቢያነሣው ይቀላል። ቤተሰቡ ደግሞ በልጁ ከተማ የሚኖር የአንድ ኢትዮጵያዊ ጓደኛ ስልክ አስቀድሞ ይያዝ። ቀኑ ሲደርስ መጀመሪያ ለዚያ ጓደኛ ይደወላል፤ እርሱም ሌሎችን ይዞ ማታ፣ ትምህርት ካለቀ በኋላ፣ ወደ ልጁ ክፍል ይሄዳል። ሽማግሌዎቹ በምትካቸው ተተኩ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቅሬው በተቀመጠበት ድንኳን ስልክ ከፍቶ ልጁን ከለቀስተኛው ጋር ማገናኘት ዋጋው ጥቂት ነው።

ወላጆች የሚያቀርቡት ተቃውሞ፣ ማለትም የፈተናው ጉዳይ፣ ክብደት አለው። አንድ ቀን የቀረውን ፈተና ማስጨረስ ሰው እስኪሟላ ከመጠበቅ አይለይም። አንድ ሙሉ የትምህርት ዘመን መደበቅ ግን ሌላ ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ልጁ ለሞተ ሰው ሰላምታ እየላከ ይኖራል።

ወንድሜ ዛሬም ሲደውል «ደህና ናችሁ?» ብሎ አይጠይቅም። እናታችን ስልኩን ይዛ ከምድጃው እስከ በረቱ እንድትዞርና የቤቱን ሰው ሁሉ በየተራ ድምፅ እንድታሰማው ይጠይቃታል፤ እርሷም ሳትሰለች ትዞራለች።